ሦስተኛ የወጣሁበት የራሴ ዘፈን

ሐይቅ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኃይለ ኢየሱስ ሠርክአዲስ
የዜማ ቅርስ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ውጫሌ

ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬን በትሕትና ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስልኝ እያልኩ፣ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለኮሚቴው አባላት በሙሉ፣ በተለይም ያለ ዕረፍት ሲሠራ ለከረመው ለኮሚቴው ማኅተም ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ኮሚቴዎ ባወጣው ጥናት ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ «ባለመረቡ» የተባለው የአምባሰል ዜማ ደራሲ «ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ኖራለች ተብላ የምትገመት፣ ስሟ ያልታወቀ ሴት» ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በሕይወት እንዳለች፣ ቁርሷንም በደንብ እንደ በላች በይፋ ላሳውቅዎ ብዬ ነው።

ስሜ ኡሙሀኒ ሀምዱ ይባላል። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነው፤ ለሁለት መቶ ዓመት ሰው እንግዲህ ፊቴ ብዙም አልተጎዳም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሪያድ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ ሳለሁ፣ የማያልቅ ሰሃን እያጠብኩ፣ ሐይቁ ላይ መረብ እየጣሉ ላሳደጉኝ ለአባቴ ለሀምዱ አንድ ዘፈን ገጠምኩላቸው። ቅኝቱ አምባሰል ነው፤ በሌላ ብገጥምላቸው ይታዘቡኝ ነበር። ምናልባት እስካሁን ካልሰሙት፣ ማለቴ ከዛሬ ጠዋት ወዲህ ካልሰሙት፣ መግቢያው እንዲህ ይላል፦

«ሀምዱ ባለመረቡ ዓሣውን ተውና፣
ልጅህን አጥምዳት ባሕር አልፋለችና።»

አሁን ኮሚቴዎ ይህን ዘፈን «ባለቤቱ ያልታወቀ የሕዝብ ቅርስ» ብሎ በዚህ ወር መጨረሻ መዝገብ ላይ ሊያሰፍረው ነው። ከሰፈረ በኋላ የኮሚቴው ፈቃድ የሌለው ሰው ሊዘፍነው አይችልም። ከስንት ልመና በኋላ አልበሜን ሊሠራልኝ የተስማማው የደሴ ስቱዲዮም ይህን ሰምቶ፣ ዘፈኑ ያንቺ ለመሆኑ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካላመጣሽ ማይክ አንከፍትም ብሎኛል። አልበሙ ካልወጣ እዚህ የሚያቆየኝ ሥራ የለም። ሪያድ ያለችው ጓደኛዬ ሀፊዛ ሰባት ልጆች ያሉበት አንድ ቤት አግኝታልኛለች፤ ወኪሉም መልሴን የሚጠብቀው እስከዚሁ ወር መጨረሻ ነው። እኔ ደግሞ መሄድ አልፈልግም። ክቡር ሆይ፣ ይህንን በጨዋ ቋንቋ ላለብሰው ብዙ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ወላሂ አልፈልግም።

ይህ ሁሉ የደረሰልኝ በብዙ ደጋግ ሰዎች ርብርብ ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ምስጋና ከዚህ በታች በቁጥር አቀርባለሁ። ኮሚቴዎ በቁጥር ያልተቀመጠ ነገር እንደማያነብ ሰምቻለሁ።

1. ስለ ማስነጠሴ

ከሪያድ እንደ ተመለስኩ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ውጫሌ ሄጄ ሙላት ከሚባል መሰንቆ ተጫዋች ጋር፣ እርሱው ቤት ውስጥ፣ ዘፈኑን ለሙከራ በስልኬ ቀረጽነው። ለሰው ጆሮ የታሰበ አልነበረም፤ ስቱዲዮ ከመግባታችን በፊት የራሳችንን ስሕተት ለመስማት ነበር። ያን ቀን ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ስለ ነበር «ልጅህን አጥምዳት» የሚለው ላይ ስደርስ አስነጠሰኝ። ቀላል ማስነጠስ እንዳይመስልዎ፤ የሙላት ዶሮዎች ከቤት ወጥተው ሄደዋል። ሙላትም የጨዋ ልጅ ነውና መሰንቆውን ሳያቋርጥ «ይማርሽ!» አለኝ። ስልኬ ሁለታችንንም አሳምሮ ቀዳን።

በማግስቱ ስልኬ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀና፣ እዚህ ሐይቅ መናኸሪያው ፊት ለፊት ላለው ለማህዲ ሞባይል ሰጠሁት። ማህዲ መስታወቱን ቀየረልኝ፤ እጁ ይባረክ፣ ጎበዝ ባለሙያ ነው። ውስጡ ያለውንም ሁሉ እንዳይጠፋብሽ ብሎ፣ ሳልጠይቀው፣ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገለበጠልኝ። እውነቱን ነው፣ አልጠፋብኝም። በሦስተኛው ቀን ከሐይቅ እስከ ውጫሌ የሚሄድ መኪናም ባጃጅም እያስነጠሰ ያልፍ ጀመር።

2. ስለ ማህዲ ውለታ

ልቤ ተቃጥሎ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ማህዲ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ማሻአላህ ኡሙ፣ አገር ሁሉ የሚሰማው አንቺን ብቻ ሆነ እኮ እያለ ሳቀልኝ፤ ወንበር ሰጠኝ፤ ለስላሳ ከፈተልኝ። ሌባ ልለው አፌን ስከፍት፣ አንዲት እናት ገብታ፣ ልጇ ጅዳ ስለ ሆነች የዚያችን የምታስነጥስ ልጅ ዘፈን ጫንልኝ አለችው። እርሱም ጫነላት። እርሷም እዚያው ቆማ ሰምታው አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልሳደብ? ለስላሳዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማንም ሰው ስሰርቅ ዋልኩ ብሎ ቤቱ አይገባም። ማህዲ ለእኔ ውለታ የዋለ ይመስለዋል፤ ሴትዮዋ ለልጇ ናፍቆት ማስታገሻ የወሰደች ይመስላታል፤ ጎረቤቴ ራህመት ደግሞ፣ ኡሙዬ የራስሽን ዘፈን ጥርት ያለ ቅጂ ማህዲ ዘንድ አግኝቼልሻለሁ ብላ በብሉቱዝ ልካልኛለች። እኔም ብሆን ጻድቅ አይደለሁም። ሪያድ ሳለሁ የእኔና የሀፊዛ ስልክ በሌላ ሰው ላብ እስከ አፉ የተሞላ ነበር፤ ያንን ሁሉ ዘፈን የሠራ ሰው ምን እንደሚበላ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። አሁን አስባለሁ፤ ሙላት ምን እንደሚበላ ስለማውቅ ነው።

ሙላት መሰንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ባጃጅ ይነዳል። ያኔ ሊቀርጸን የነበረው ባለ ስቱዲዮ፣ ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያለ ዘፈን ማን ይገዛኛል ብሎ ስለ ተወን ነው። ባጃጁ ውስጥ ግን የራሱን መሰንቆ ይከፍታል። ባለፈው አንድ ተሳፋሪ፣ ይህን የመሰለ መሰንቆ የሚመታ ሰው ዛሬ የለም፣ ነፍሱን ይማረው ብሎታል። ሙላትም አሜን አለ።

3. ስለ ቪዲዮ ገጹ

ማህዲ ዘፈኑን፣ የዘንባባ ዛፍ ያለበት የማላውቀው ባሕር ፎቶ ጨምሮበት፣ የቪዲዮ ገጹ ላይ ለጠፈው። መሀል ላይም በራሱ ድምፅ «ማህዲ ሞባይል! ሐይቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት!» ብሎ ገባበት። እኔም ከእርሱ በኋላ የራሴን ዘፈን በራሴ ፊት ብለጥፍ፣ ገጹ በአንድ ሰዓት ውስጥ አጠፋብኝ፤ የማህዲ ሞባይል ንብረት ስለ ሆነ ከደገምሽ እንዘጋሻለን የሚል መልእክትም ደረሰኝ። ተመልሼ ማህዲ ዘንድ ሄጄ እባክህ ፍቀድልኝ አልኩት። ፈቀደልኝ። ቸር ሰው ነው፣ አላህ ይስጠው።

4. ስለ ጥናታችሁ

አርባ ስድስቱን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እንደዚህ ያለ ሥራ በአገራችን አይቼ አላውቅም። ማስነጠሴ «ጥንታዊ የአምባሰል የትንፋሽ ስልት» ተብሎ ሦስት ገጽ ተሰጥቶታል። የሙላት «ይማርሽ» ደግሞ «የተቀባዮች ምላሽና የሙስሊሙና የክርስቲያኑ አብሮ የመኖር ሕያው ምስክር» ተብሏል። ሙላት ይህን ሳነብለት አብሮ የመኖሩን ነገር ተቀብሎ፣ ያን ቀን ግን ያሰበው ስለ ጉንፋኔ ብቻ እንደ ነበር በትሕትና እንዳሳውቅለት ጠይቆኛል። በግርጌ ማስታወሻ ላይ ያለውንም አላለፍኩትም፦ «በዜማው መካከል የሚሰማው፣ ስለ መናኸሪያ የሚናገረው የወንድ ድምፅ የጥንቱ ዜማ አካል ስለ መሆኑ ጥናቱ ቀጥሏል» ይላል። እንዲቀጥል አደራ እላለሁ።

ሀምዱ «የትዕግሥት ምሳሌ እንጂ በአካል የነበረ ሰው አይደለም» የሚለው ላይ ደርሼ ግን ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ምሳሌው እፊቴ ተቀምጦ መረብ እየጠገነ ነበር። አባቴ፣ ምሳሌ ነዎት ተብለዋል ብላቸው፣ ዛሬ የያዝኳቸውን ዓሦች ታዲያ ማን ያዛቸው ብለው በጣም አዘኑ። ኮሚቴዎ ልጅ አባቷን በስሙ ስለማትጠራ ገጣሚዋ የሀምዱ ልጅ ልትሆን አትችልም ማለቱም ትክክለኛ የቤተሰብ አስተዳደግን ያሳያል። እውነት ነው፣ አንጠራም። በዘፈን ግን ንጉሥም አንተ ይባላል። አባቴ እንኳ ዘፈኑን መጀመሪያ ሲሰሙ አንድ ሳምንት አኩርፈውኝ፣ በሳምንቱ ታንኳ ላይ ሆነው ሲያንጎራጉሩት ደርሼባቸዋለሁ።

ዋናው ምስክራችሁ ሼህ ኸሚስ፣ ዘፈኑን ከአያታቸው እንደ ሰሙ ተናግረዋል ተብሎ ተጽፏል። ሼህ ኸሚስ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ልጄ፣ የኮሚቴው ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ዘፈኑ በጣም የቆየ ነው አይደል ብለው በትሕትና ሲጠይቁኝ እንግዳ ላሳፍር ነው ወይ አሉኝ። አያትዎስ ብላቸው፣ አያቴ ነፍሳቸውን ይማረውና ከተወለዱ ጀምሮ ጆሯቸው አይሰማም ነበር አሉኝ። የወሎ ሰው እንግዳ አያሳፍርም፤ ጥናት ለሚያጠና ሰው ይህ አገር ገነት ነው።

5. ስለ ውድድሩ

የአምባሰል ዜማ ውድድር ውጫሌ ላይ ሲዘጋጅ፣ ከመሞገት መዝፈን ይሻላል ብዬ ተመዘገብኩ። አንደኛ የወጣው ሰዑድ የሚባል የባንክ ጥበቃ ነው። ድምፁ መልካም ነው፤ ማስነጠሱ ግን ከድምፁ ይበልጣል፤ ቦታው ሲደርስ እንዳይከዳው በመሐረብ ቋጥሮ የያዘውን በርበሬ ሲያሸት በዓይኔ አይቻለሁ። ሕዝቡ በአንድ አፍ «ይማርሽ!» ሲለው፣ ወንድ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ሁለተኛ የወጡት በኅብረት ያስነጠሱ ስምንት ልጃገረዶች ናቸው። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ። የዳኞች ሰብሳቢ የነበሩት እርስዎ ራስዎ፣ የልጅቷ ድምፅ አይነቀፍም፣ ከዜማው ትውፊት ጋር ግን ገና አልተዋወቀችም፣ ማስነጠሱንም በድፍረት ዘልላዋለች ብለው አስተያየት መስጠትዎን መቼም አልረሳውም።

የተሰጠኝ ሽልማት ዘፈን የተጫነበት ሜሞሪ ነበር። ቤቴ ገብቼ ብከፍተው የመጀመሪያው ዘፈን የራሴው ሆነ፤ ማህዲም በሰዓቱ ገብቶ አድራሻውን ተናገረ። በዚያው ዕለት ጠዋት፣ እርስዎ ሌላ ሰው የደከመበትን ሥራ ያለ ፈቃድ መገልበጥ ትውልድን ያጠፋል ብለው ያደረጉት ንግግር ጆሮዬ ላይ ገና አልበረደም ነበር።

6. ስለ ፈቃዱ

ሌላው ቀርቶብኝ የራሴን ዘፈን ለመዝፈን እንዲፈቀድልኝ ላቀረብኩት ማመልከቻ፣ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ስለ ሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። መልሱም፣ ትውፊቱን ሳላጓድል፣ ማለትም በቦታው ለማስነጠስ በጽሑፍ ግዴታ ከገባሁ ይፈቀድልኛል የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ ሰው ለሥራ ብዙ ነገር ይፈርማል፤ እኔም ዐረብ አገር ስሄድ የማላነበውን ወረቀት ፈርሜያለሁ። አፍንጫዬን ግን በግዴታ አላስይዝም።

የደራሲነት ማስረጃ አምጪ ስባል ያለኝ ጉሮሮዬ ብቻ መሆኑን አልክድም። ያ ስልኬ ከሞተ ቆይቷል፤ ቅጂው ደግሞ ሁሉም ሰው እጅ ላይ ስላለ የማንም አይደለም ተባልኩ። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። አንድ ሰው ቢሰርቀኝ ሌባ ነበረ፤ አገር ሁሉ ሲወስደኝ ግን ቅርስ ሆንኩ፤ የእኔ እጅ ብቻ ባዶ ቀረ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት «ያልታወቀ» ከሚለው ቃል ላይ መስመር አስምረው፣ ከአጠገቡ ስሜን ይጻፉልኝ። ዘፈኑን ሕዝብ ይዝፈነው፣ ማህዲም ይጫነው፣ ሰዑድም በርበሬውን ያሽትት፤ አልከለክልም። ስሜ ይጻፍልኝና እኔም አባቴ አጠገብ ልኑር። ሁለት መቶ ዓመት ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ልመና አይመስለኝም።

ውድ ጊዜዎን ከጥንታዊ ነገሮች ላይ ቀንሰው የሕያዋንን ደብዳቤ ለማንበብ ስለሚያውሉት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመነጽርዎ ብርሃን፣ ለሚቀጥለው ጥናትዎም ቢያንስ አንድ የሞተ ደራሲ እንዲገኝለት እመኛለሁ።

በመገኘቷ ሥራዎን ስላወከች ይቅርታ የምትጠይቅዎ፣
ያልታወቀችው
ኡሙሀኒ ሀምዱ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአባቴ ለሀምዱ፣ በአካል እንዳሉ እንዲያውቁት
ለሙላት፣ ነፍሱን ይማረው
ለማህዲ ሞባይል፣ ሐይቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት (ባልልክለትም ያገኘዋል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ፖስታ እያነሳሁ ሳለ የኮሚቴዎ መልእክተኛ በሬን አንኳክቶ የመጥሪያ ወረቀት አስፈረመኝ። ወረቀቱ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ውጫሌ እንድቀርብ ያዛል፤ ጥፋቴም በውድድሩ ላይ ዜማውን «መጀመሪያ ራሷ ቀርጻ ካወጣችው ለውጣ በማቅረብ» ትውፊት መድፈር ነው ይላል። ጥፋቱን ለማስረዳትም የመጀመሪያው ቅጂ ተያይዟል፤ ከሥሩ «ድምፁ የኡሙሀኒ ሀምዱ መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል፤ ከዚህ ቅጂ የቀደመ ሌላ ተፈልጎ አልተገኘም» ተብሎ ተጽፎ፣ የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም አርፎበታል። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ ሰፈሬ፣ የቤት ቁጥሬ፣ ስልኬ፣ አንድም አልተሳሳተም። ደራሲነቴን ሲፈልግ ሦስት ዓመት ያጣኝ አገር፣ ጥፋቴን ሲፈልግ በአንድ ቀን አገኘኝ።

ወረቀቱን ወዲያው ፎቶ አንስቼ ደሴ ለስቱዲዮው ላክሁት፤ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል ብሎ ደወለልኝ። ሙላት መሰንቆውን ከግድግዳ አውርዶ ጭራውን እየለወጠ ነው። ለሀፊዛም ሰባቱ ልጆች ሌላ ሰው ይፈልጉ ብያታለሁ። ክቡር ሆይ፣ አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ እያልኩ፣ ሰኞ ጠዋት ግን በመጥሪያው መሠረት መቅረብ ስለማልችል ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቀረጻ አለኝ።